መድኃኒቱ ይቅደም ወይስ ቢላዋው?

ካንሰር ተገኘ ሲባል እኛ ዘንድ የሚታወቀው መልስ አንድ ነው። ቶሎ ይውጣ። ዘመድ ተሰብስቦ የሚጨቃጨቀው የት ይውጣ፣ ማን ያውጣው በሚለው ላይ ነው። «አይወጣም» ከተባለ ጭቅጭቁም ያበቃል። ነገሩ ለሁሉም ገብቶታል ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ባል ጉበት ላይ ዕጢ ተገኘ። ሐኪሞቹ ግን ያልለመድነውን ነገር አመጡ። «ዕጢው ሊወጣ ይችላል። ከዚያ በፊት ግን ለሁለት ወር ያህል መድኃኒት ብንሰጥዎትስ?» ቤቱ ተተራመሰ። መውጣት የሚችል ነገር ለምን ሁለት ወር ይቀመጣል? አክስቴ ያን ማታ ደወለችልኝ።

«አንቺ፣ ይኼ ነገር ሙከራ ነው አሉ እኮ። የላብራቶሪ አይጥ ሊያደርጉት ነው?»

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ አንድ ሆስፒታል ፓቶሎጂ ላብ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ከቀዶ ሕክምና ክፍል የሚወጣውን ሥጋ ለማይክሮስኮፕ የማዘጋጀው እኔና ባልደረቦቼ ነን። ዘመዶቼ ግን ጋውን የለበሰን ሁሉ ዶክተር ይሉታል። እኔም መከራከሩን ትቼዋለሁ። የአክስቴ ጥያቄ ግን የእኔን ጠረጴዛ በቀጥታ የሚነካ ነበር። ይህ ዓይነቱ ሙከራ መልሱን የሚያገኘው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነውና።

መጀመሪያ ስለ ጉበት ካንሰር ክፉ ጠባይ ላውራ። እዚህ የማወራው ከራሱ ከጉበት ሴሎች ስለሚነሳው፣ ከሌላ አካል ተሰራጭቶ ስላልመጣው ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ2022 ብቻ ዓለም ላይ ከ750 ሺህ በላይ ሰው በጉበት ካንሰር ሞቷል። ዕጢው በጊዜ ተገኝቶ በቀዶ ሕክምና ቢወጣ እንኳ ጣጣው አያልቅም። በ5 ዓመት ውስጥ እስከ 70 በመቶ በሚሆኑት ላይ ተመልሶ ይመጣል። ቀዶ ሐኪሙ አበላሽቶ አይደለም። አንደኛ፣ ዕጢው ከመውጣቱ በፊት ለዓይንም ለኤምአርአይም የማይታዩ ሴሎችን በትኖ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ብቅ ይላሉ። ሁለተኛ፣ ካንሰሩ ሲወጣ የቀረው ጉበት ያው የታመመው ጉበት ነው። ለዓመታት በቫይረስ ወይም በአልኮል ወይም በስብ የተጎዳ፣ ጠባሳ የበዛበት አካል ሌላ አዲስ ዕጢ ሊያበቅል ይችላል።

እና ማውጣት ብቻውን አይበቃም። ይህን ሐኪሞች ካወቁት ቆይተዋል። የቸገራቸው የሚጨምሩት ነገር ማጣታቸው ነበር።

የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ከኦፕራሲዮን በፊት ኬሞ ብትወስድ ማንም አይደነቅም። የቆየ ነገር ነው። ለጉበት ግን የድሮው ኬሞ እምብዛም አይሠራም። ጉበት መርዝ ማጣራት ሥራው ነው፤ ካንሰር የሆኑት ሴሎቹም ያንን ችሎታ አልተውም። በ2007 ሶራፌኒብ የሚባለው ክኒን ሲፈቀድ ዕድሜ እንደሚያራዝም የተረጋገጠለት የመጀመሪያው መድኃኒት ሆነ። ያራዘመው ግን ከ7.9 ወር ወደ 10.7 ወር ነው። በዚያ ጥናት ዕጢያቸው በደንብ የቀነሰላቸው ሕሙማን 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ሰው የሁለቱን ብቻ ለሚያሳንስ መድኃኒት ቀዶ ሕክምናን የሚያዘገይ ሐኪም አይኖርም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላስ ቢሰጥ ተባለ። 1,114 ሰዎች ላይ ተሞከረ። በ2015 ውጤቱ ወጣ፤ ምንም ለውጥ የለም።

ነገሩን የቀየረው ኢሚውኖቴራፒ ነው። ካንሰሩን ራሱን አይመርዝም። ሰውነታችን ካንሰርን ሊገድሉ የሚችሉ ቲ ሴል የሚባሉ ወታደሮች አሉት። ዕጢው ግን ሲቀርቡት «አትንኩኝ» የሚል ምልክት ያሳያቸውና ያስተኛቸዋል። አዲሶቹ መድኃኒቶች ያንን ምልክት ይሸፍናሉ። ለዚህ ግኝት ቴክሳስ የሚሠራው ጄምስ አሊሰንና የኪዮቶው ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ለጉበት ካንሰር ትልቁ ዜና የመጣው በ2020 ነው። አቴዞሊዙማብ የሚባለው ኢሚውኖቴራፒና የዕጢውን የደም ሥር የሚገታው ቤቫሲዙማብ አብረው ሲሰጡ፣ ቀዶ ሕክምና የማይቻልላቸው ሕሙማን ከሶራፌኒብ የበለጠ ዕድሜ አገኙ። ዕጢው በግልጽ የቀነሰላቸውም ከአራት አንድ በላይ ሆኑ። ከ2 በመቶ ወደዚህ ማለት ነው።

ያኔ የድሮው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ከማውጣታችን በፊት ብንሰጠውስ?

አክስቴን ያስቸገራት ይኼ «በፊት» የሚለው ነው። በኋላ መስጠቱ ይገባታል። «ዋናውን አውጡትና ርዝራዡን በመድኃኒት ጥረጉት» አለችኝ፤ እንዲህ ሲባል ደግሞ በጣም ትክክል ይመስላል። ለኢሚውኖቴራፒ ግን ቅደም ተከተሉ ራሱ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ቲ ሴል ጠላቱን ለመግደል መጀመሪያ ማወቅ አለበት። ዕጢው እዚያው እያለ የሚተዋወቀው ብዙ ነገር አለ፤ የካንሰሩ መልክ ሁሉ፣ ዓይነቱ ሁሉ እዚያ ነው። ዕጢው ወጥቶ ርዝራዥ ብቻ ሲቀር ግን የሚማርበት የለውም። ትልቁ ዕጢ ላይ የሠለጠኑት ሴሎች በደም ዞረው የተደበቁትን ያድናሉ ተብሎ ነው የሚታሰበው።

ይህ ወሬ ብቻ እንዳይመስል ከሌላ ካንሰር አንድ ማስረጃ ላምጣ። በ2023 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ነው። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ያለባቸው 313 ሰዎች ነበሩ። ሁሉም የሚወስዱት አንድ ዓይነት ኢሚውኖቴራፒ፣ ያንኑ 18 ጊዜ ነው። አንዱ ቡድን ሁሉንም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወሰደ። ሌላው ሦስቱን ቀድሞ፣ የቀረውን በኋላ ወሰደ። ልዩነቱ ይኼው ብቻ ነው። በሁለት ዓመት ካንሰሩ ሳይመለስ ወይም ሳይብስ የቆዩት፣ ሁሉንም በኋላ ከወሰዱት 49 በመቶ፣ ሦስቱን ካስቀደሙት ደግሞ 72 በመቶ ሆኑ። መድኃኒት ሳይጨመር፣ ወረፋው ብቻ ተቀይሮ። ይህን ቁጥር ለአክስቴ ስነግራት «ቆዳና ጉበት አንድ ነው እንዴ?» አለችኝ። አይደለም። ለዚህ ነው ጉበት ላይ ለብቻው የሚሞከረው።

አሁን ወደ ጠረጴዛዬ ልመልሳችሁ። ዘመዶቼ ስለ ሥራዬ አይጠይቁኝም፣ እራት ያበላሻልና። እዚህ ግን ማንበብ የማይፈልግ ይዝለለው።

የተቆረጠ ጉበት ላብ ሲደርስ ይመዘናል፣ ይለካል። ሐኪሙ የቆረጠበት ገጽ ቀለም ይቀባል። በኋላ ማይክሮስኮፕ ላይ ካንሰሩ ቀለሙ ጋ ከደረሰ ውስጥ የቀረ ነገር ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ከዚያ ከዳር እስከ ዳር በስሱ ይሸነሸናል። ጤነኛ ጉበት ለስላሳና ቡናማ ነው። ጠባሳ የያዘው ግን ጓጉላ የበዛበት ነው፤ ቢላዋውም እንደ ልብ አይገባም። ዕጢው አንዳንዱ ነጣ ያለ፣ አንዳንዱ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴው ሐሞት ነው። ካንሰር ከሆነም በኋላ የድሮ ሥራውን ያልረሳ ጉበት።

መድኃኒት በደንብ የሠራበት ዕጢ ሲመጣ ገና ሲሸነሸን ያስታውቃል። መሐሉ ቢጫ ይሆናል። ጓንት ያደረገ ጣት ሲነካው እንደ ደረቀ አይብ ይፈረፈራል። የመጀመሪያ ጊዜ ሳየው የተበላሸ ናሙና መስሎኝ ነበር፤ አብራኝ የምትሠራው ሴትዮ ናት «ይኼ እኮ የምሥራች ነው» ያለችኝ።

ዓይን ግን አይታመንም። ከየቦታው ትናንሽ ቁራጭ ይወሰዳል። ፎርማሊን ውስጥ ቆይቶ፣ ሌሊቱን ማሽን ውስጥ አድሮ፣ ሰም ውስጥ ይደርቃል። ሰሙ ከሚሊሜትር ሺኛ አራት ያህል በሆነ ውፍረት ይላጣል። ልጣጩ ሞቅ ባለ ውኃ ላይ ይንሳፈፍና በመስታወት ይያዛል። እዚህ ላይ ትንፋሽ እንኳ ያበላሻል። ከዚያ ሁለት ቀለም ይጠጣል፣ ሐምራዊና ሮዝ። ሕያው ካንሰር የሴሎቹ አስኳል ሐምራዊ ሆኖ ተጨናንቆ ይታያል። የሞተው አስኳል የለውም፤ ሮዝ ብቻ ነው። ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ ነጭ የደም ሴሎች እንደ ነጠብጣብ ከበውት ይገኛሉ። ፓቶሎጂስቱ ሁሉንም መስታወት አይቶ አንድ ቁጥር ይጽፋል፦ ከዕጢው ስንት በመቶው ሞቷል?

ያ ቁጥር ነው የሙከራው የመጀመሪያ መልስ። መድኃኒቱ ቀድሞ ሲሰጥ የሚገኘው ትልቁ ትርፍ ይኸው ይመስለኛል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጥ መድኃኒት መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ ካንሰሩ መመለስ አለመመለሱን ዓመታት መጠበቅ ነው። ቀድሞ ሲሰጥ ግን ዕጢው ራሱ ወጥቶ በሳምንታት ውስጥ ይናገራል። ስካን እንኳ ይህን ያህል አይናገርም። በኤምአርአይ መጠኑ ያልተቀነሰ ዕጢ ሲከፈት ከውስጥ አብዛኛው ሞቶ ሊገኝ ይችላል። የሞተው ሥጋ ቦታውን እንደያዘ ነዋ!

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ትናንሽ ነበሩ። እዚሁ ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ፣ 15 ሰው ብቻ። እነዚህ 15ቱ ደግሞ ዕጢያቸው ገፍቶ በተለመደው መመዘኛ ለቀዶ ሕክምና የማይታሰቡ ነበሩ። ካቦዛንቲኒብ የሚባል ክኒንና ኒቮሉማብ የሚባል ኢሚውኖቴራፒ ወሰዱ። በ2021 ውጤቱ ታተመ። 12ቱ ዕጢያቸው ጠርዙ ንጹሕ ሆኖ ወጣላቸው። ከ12ቱ በአምስቱ ዕጢው አብዛኛው ወይም ሙሉ በሙሉ ሞቶ ተገኘ። ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንዳይገቡ የተባሉ ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

በዓመቱ የሁለት ሌሎች ሙከራዎች ውጤት ወጣ። ኒው ዮርክ፣ ማውንት ሳይናይ፣ 21 ሰዎች ሴሚፕሊማብ የሚባል ኢሚውኖቴራፒ ወሰዱ። 20ው ተቀደዱ፤ በአራቱ ዕጢው ከ70 በመቶ በላይ ሞቶ ነበር። ሂውስተን፣ ኤምዲ አንደርሰን፣ 27 ሰዎች ጀመሩ። ገሚሶቹ ኒቮሉማብ ብቻ፣ ገሚሶቹ አይፒሊሙማብ የሚባል ሌላ ኢሚውኖቴራፒ ተጨምሮላቸው። ቀዶ ሕክምና የደረሱት 20 ናቸው፣ በደንብ የሠራላቸው ደግሞ 6። እነዚያ ስድስቱ ክትትል በተደረገላቸው ሁለት ዓመት ገደማ ካንሰሩ አልተመለሰባቸውም። በ2024 ደግሞ ተመራማሪዎች የአምስት ሙከራዎችን 111 ሕሙማን አንድ ላይ አድርገው ሲያዩ ያው ነገር ታየ። ዕጢው 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሞተላቸው ሰዎች ካንሰሩ ሳይመለስባቸው በጣም ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ።

ቁጥሩን ገልብጣችሁ አንብቡት ደግሞ። ከ20 አራት ማለት 16ቱ ላይ ያን ያህል አልሠራም ማለት ነው። ከ27 ሰባት ቀዶ ሕክምና አልደረሱም። የማኅበረሰባችን ዩቲዩብ ላይ «ካንሰርን የሚያጠፋ መድኃኒት ተገኘ» እያሉ የሚጮሁ ሰዎች ይህን ግማሽ ሲያነቡ ሰምቼ አላውቅም።

የአክስቴ ባል፣ ጋሼም፣ የጠየቀው ይህንኑ ግማሽ ነው። ዋሽንግተን ከተማ ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ሒሳብ አያመልጠውም። «ልጄ፣ ሁለቱን ወር ስጠብቅ ዕጢው ቢያድግስ?» አለኝ። ሊያድግ ይችላል። አንዳንዱ ላይ አድጎ ቀዶ ሕክምናው ቀርቷል። ኢሚውኖቴራፒው ራሱም ጤነኛውን ጉበት ሊያጠቃ ይችላል፤ የነቁት ቲ ሴሎች ወዳጅና ጠላት ይምታታባቸዋል። አንጀት፣ ቆዳ፣ አንገት ላይ ያለው ታይሮይድም ጋ ይደርሳሉ። ያኔ መድኃኒቱ ቆሞ ስቴሮይድ ይሰጣል፣ ቢላዋውም ይዘገያል።

ሐኪሞች ለዚህ አንድ የታወቀ መልስ አላቸው። በሁለት ወር ውስጥ እንዲህ ያደገ ካንሰር ቢወጣም ወዲያው ይመለስ ነበር፤ ስለዚህ ከከንቱ ቀዶ ሕክምና ተረፍክ ይላሉ። ምክንያቱ ይገባኛል። ግን አልወደውም። ለመቶ ሰው ሲነገር ትክክል ነው፤ ለአንድ ሰው ሲነገር ግን ማረጋገጫ የለውም። የቱ ሰው ቶሎ ቢቀደድ ይድን እንደነበር ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ አያይም። ለዚያ ነው ሰው በዕጣ በሁለት ቡድን ተከፍሎ የሚነጻጸርበት ትልቅ ሙከራ የሚያስፈልገው። ያለዚያ የ15 ሰውና የ20 ሰው ታሪክ ነው የምናወራው።

ያ ትልቅ ሙከራ የመጣው ከቻይና ነው፤ ውጤቱም በ2025 ወጣ። ሊወጣ የሚችል ግን የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለ ዕጢ ያለባቸው 294 ሰዎች በዕጣ ተመደቡ። ገሚሶቹ በቀጥታ ተቀደዱ። ገሚሶቹ ካምሬሊዙማብ የሚባል ኢሚውኖቴራፒና ሪቮሴራኒብ የሚባል ክኒን ከቀዶ ሕክምና በፊትም በኋላም ወሰዱ። በቀጥታ የተቀደዱት ካንሰሩ ሳይመለስ ወይም ሌላ ክፉ ነገር ሳይገጥማቸው የቆዩበት አማካይ ጊዜ 19.4 ወር ነበር። መድኃኒቱን የወሰዱት 42.1 ወር ቆዩ። ከእጥፍ በላይ ነው። ለጉበት ካንሰር ይህ ትልቅ ነገር ነው። በኋላ ብቻ የሚሰጠው መድኃኒት ሁለት ጊዜ ተሞክሮ የገጠመውን አስታውሱ። ሶራፌኒብ ከሸፈ። አቴዞሊዙማብና ቤቫሲዙማብ 668 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2023 ደስ አሰኘን፤ በዓመቱ ክትትሉ ሲረዝም ጥቅሙ ሟሸሸ።

ሆኖም የቻይናው ሙከራ መድኃኒቱን በፊትም በኋላም ነው የሰጠው። ስለዚህ የትኛው እንደሠራ ለይቶ አይነግረንም። መድኃኒቶቹም አሜሪካ ውስጥ በቀላሉ አይገኙም። የአሜሪካው መድኃኒት ፈቃጅ መሥሪያ ቤት ኤፍዲኤ ለገፋ የጉበት ካንሰር የቀረበለትን ማመልከቻ በ2024ና በ2025 ሁለት ጊዜ መልሶታል። ዋናው ምክንያት ከፋብሪካ ፍተሻ ጋር የተያያዘ ነበር። ዕድሜን ያራዝማል ለማለትም ገና ዓመታት ያስፈልጋሉ። ካንሰሩ ዘግይቶ መመለሱና ሰውየው ረጅም ዕድሜ መኖሩ አንድ አይደሉም።

ጋሼ ፈረመ። የፈረመበት ወረቀት እንደ መጽሐፍ የወፈረ ነበር። አስተርጓሚ በስልክ ተደውሎለት መስመሩ እየተቆራረጠ፣ በየገጹ «ገብቶዎታል?» ይባላል፤ እሱም «ገብቶኛል» ይላል። ማታ ቤት ቁጭ ብለን እንደገና አነበብነው። ሁለት ነገር ላይ ጣቱን አሳርፎ አስደገመኝ። በፈለገበት ቀን ጥሎ መውጣት እንደሚችልና ከወጣ የተለመደው ሕክምና እንደማይቀርበት። ሌላው ግድም አልሰጠው። «አይጥ እኮ አይፈርምም» አላት አክስቴን።

ከመጀመሩ በፊት ብዙ ነገር ተመረመረ። የተረፈው ጉበት ይችላል ወይ? ልቡስ? ደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስስ? ጋሼ ሄፓታይተስ ቢ አለበት። መቼ እንደያዘው አያውቅም። ልጅ ሆኖ ወሎ እያለ «የወፍ በሽታ ይዞኝ ዓይኔ ቢጫ ሆኖ፣ በሐረግ አዳኑኝ» ይላል፤ ያ ግን ሌላ ዓይነት ሄፓታይተስም ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ይህን ሁሉ ዓመት ሲኖር አንድም ሰው ለዚህ ደሙን አላየለትም። ቫይረሱን የሚያስታግስ ክኒን ተጀመረለት፤ ኢሚውኖቴራፒው በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር ተሰጠው። ቆዳው አሳከከው። ታይሮይዱ ሥራውን ቀነሰ፤ ለእሱም እስከ ዛሬ የሚውጠው ክኒን አለ። ከዚያ በላይ አልገጠመውም። የቀዶ ሕክምናው ቀን ሳይዛነፍ ደረሰ።

የፓቶሎጂው ውጤት ስልኩ ላይ ከሐኪሙ ቀድሞ መጣ። እኔ ከሌላ ሆስፒታል ስለሆንኩ እንደማንኛውም ዘመድ ነው ያነበብኩት። ጠርዙ ንጹሕ። ከዕጢው 40 በመቶው ሞቷል።

40 በመቶ ከሁሉም የከፋ ቦታ ነው፣ ለማስረዳት ማለቴ ነው። «ምንም አልሠራም» አይባልም። ጥናቶቹ የሚያከብሩት 70 ወይም 90 አይደለም። መድኃኒት ሳይወስድ የወጣ ዕጢም ቢሆን መሐሉ ትንሽ የሞተ ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ከ40ው ሁሉም የመድኃኒቱ ነው ማለትም አይቻልም። አክስቴ «በልጅ ትምህርት ቤት እኮ 40 ወዳቂ ነው» አለች። ጋሼ ተናደደ። ሐኪሙ በበኩሉ ክትትሉ እንደማይቀየር ነገረው፤ በየሦስት ወሩ ስካንና የደም ምርመራ። እስካሁን ንጹሕ ነው። መድኃኒቱን ሳይወስድ ተቀዶ ቢሆንስ? ይህን እሱም እኔም አናውቀውም፤ ለዚህ ነው ያው የቻይናው ዓይነት ሙከራ የሚያስፈልገው ብዬ ተውኩት።

አንድ ነገር ግን ጎልቶ ታየኝ። ይህ ሁሉ ክርክር፣ መድኃኒት ይቅደም ወይስ ቢላዋ፣ የሚያገለግለው ዕጢው በጊዜ ለተገኘበት ሰው ነው። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ከዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች የጉበት ካንሰር ሕሙማንን መዝገብ ሰብስቧል፤ ኢትዮጵያም አለችበት። ከግብፅ ውጭ ባሉት አገሮች የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ 46 ነበር። በሽታው ከታወቀ በኋላ በአማካይ የኖሩት 2.5 ወር ነው። ዋናው መነሻ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ሁለት ወር ተኩል የጋሼ መድኃኒትና የቀጠሮው ጊዜ ተደምሮ የፈጀውን ያህል እንኳ አይሆንም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከመቶ ሰው ሰባት ያህሉ ቫይረሱ አለበት። ሕፃናት ከ2007 ጀምሮ በአምስቱ በሽታ ክትባት ውስጥ ያገኙታል፤ ከዚያ በፊት የተወለደው እኛው ነን። አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2015 ጀምሮ ሕክምናውን የሚሰጥ ፕሮግራም አለ። ክኒኑ ቴኖፎቪር ነው፤ ለኤችአይቪም የሚያገለግል፣ የታወቀና ርካሽ።

ጋሼ ከሆስፒታል እንደወጣ ወንድሞቹና እህቱ ጋ ደወለ። ደሴ ያለችው እህቱ ተመረመረች፤ ነፃ ናት። ኮምቦልቻ ያለው ወንድሙ ቫይረሱ ተገኘበት፤ አሁን ክኒኑን ጀምሮ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ይነሳል። ታላቃቸው አልሄደም። «እኔን ምን ሆነ ብለህ ነው?» ይላል። ጋሼ በየእሑዱ ይደውልለታል፤ ስልኩን ሲያነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሰላምታ አይደለም፤ «ሄድክ?» ነው።